«የቅርቡ ልግባ ወይስ የሩቁ?»

የአንባቢዋ ደብዳቤ (በፈቃዷ አሳጥሬዋለሁ፤ የከተማዋንና የትምህርት ቤቶቹን ስም እንዳላወጣ ጠይቃኛለች)

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፦ 25 ዓመቴ ነው፤ ልጅ ሆኜ ነው ከወላጆቼ ጋር አሜሪካ የመጣሁት። ዘንድሮ ሁለት ኦስቲዮፓቲክ ሜዲካል ስኩሎች ተቀበሉኝ። አንዱ ከቤት እየተመላለስኩ የምማርበት ነው። አዲስ ነው፣ ገና ተማሪ አላስመረቀም፤ ሌክቸሩ ስለሚቀዳ ክፍል መግባት ግዴታ አይደለም፣ ውጤቱም ማለፍና መውደቅ ብቻ ነው። ሌላው በመኪና አምስት ሰዓት ይርቃል። የቆየ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ክፍል መገኘት ግዴታ ነው፣ በየሳምንቱ ፈተና አለ፣ ግን አጠገቡ ሬዚደንቶች (ተመርቀው ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሐኪሞች) የሚሠለጥኑበት ትልቅ ሆስፒታል አለ። ተማሪዎቹ «እዚህ እንቅልፍ የለም» ብለውኛል። ክፍያው የቅርቡ 56 ሺህ፣ የሩቁ 61 ሺህ ዶላር ነው በዓመት። አባቴ ስኳርና የኩላሊት ሕመም አለበት፤ ሐኪም ቤት የምወስደውም የማስተረጉምለትም እኔ ነኝ። እናቴ ሌሊት ሌሊት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች። ዘመድ ሁሉ «ቅርቡና ቀላሉ እያለልሽ ምን አስኬደሽ?» ይለኛል። የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ብሆን ደስ ይለኛል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። አባቴ ደግሞ ዲ.ኦ. (ከኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤት የሚገኘው የሐኪም ዲግሪ) የሚባለው ነገር አልተዋጠለትም፤ «ወጌሻ ልትሆኚ ነው?» ይለኛል። የሥራ ጫናውን ልይ ወይስ ዕድሉን? ደግሞ በእጅ ሕክምናው የተግባር ክፍለ ጊዜ ልብስ አውልቆ መለማመድ አለ ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው? ሐ.

መልስ

እንኳን ደስ ያለሽ፤ ወላጆችሽንም እንኳን ደስ ያላችሁ በይልኝ።

የአባትሽን ነገር አስቀድሜ ልጨርሰው። ወጌሻ ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። ኦስቲዮፓቲን የጀመረው አንድሪው ቴይለር ስቲል፣ በ1892 ከርክስቪል ሚዙሪ ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ትኩረቱ አጥንትና ጡንቻን በእጅ ማስተካከል ላይ ነበር። ዛሬ ግን በአሜሪካ ዲ.ኦ. የሆነ ሰው በ50ዎቹም ስቴቶች መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ይሠራል፣ ያዋልዳል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ የኤም.ዲ.ም (የተለመደው የሐኪም ዲግሪ) የዲ.ኦ.ም ተመራቂ ሬዚደንሲ የሚሠራው በአንድ እውቅና ሰጪ አካል ሥር በታቀፉ ፕሮግራሞች ነው። ይህ ካላሳመናቸው የፕሬዚደንቶቹን ሐኪሞች ጥሪላቸው፦ ትራምፕን በመጀመሪያው ዘመናቸው ያከማቸው ሾን ኮንሊም፣ የባይደን ሐኪም የነበረው ኬቨን ኦኮነርም ዲ.ኦ. ናቸው። ለንደን ያለ አጎት «ኦስቲዮፓት ሐኪም አይደለም» ብሎ ከደወለ ደግሞ አትደንግጡ። በእንግሊዝ እውነት ነው፤ እዚያ ሙያው ሌላ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «ጫናውን ልይ ወይስ ዕድሉን?» ስትይኝ አንዱ ትምህርት ቤት ቀላል፣ ሌላው ከባድ መሆኑን አምነሽ ተቀብለሻል። እኔ አልተቀበልኩም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚጠናውን መጠን የሚወስነው፣ ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ የሚጠብቅሽ ፈተና ነው። ይህ የዲ.ኦ. ተማሪዎች ፈተና፣ ኮምሌክስ ሌቭል 1፣ የመጣሽበትን ትምህርት ቤት አይቶ አይራራም፤ አናቶሚው፣ ፓቶሎጂው፣ ፋርማኮሎጂው፣ በላዩም የእጅ ሕክምናው ለሁሉም ያው ነው። ከ2022 ጀምሮ ነጥቡ ቀርቶ ማለፍና መውደቅ ብቻ ስለሆነ «እንግዲህ ተዝናኑ» የሚሉ አሉ። የወደቀ ሰው ግን መውደቁ መዝገቡ ላይ ይቀራል፣ የሦስተኛ ዓመት ጅማሮው ይዘገያል፣ ሬዚደንሲ ሲያመለክትም «ምን ሆነህ ነው?» ይባላል።

ስለዚህ የቅርቡ ትምህርት ቤት ሌክቸር መቅዳቱ ከሚጠናው አንድ ገጽ አያጎድልልሽም፤ ሰዓቱን ብቻ ለአንቺ ያስረክብሻል። ይህን አላጣጥለውም። ሌክቸሩን በእጥፍ ፍጥነት እያዩ፣ አንኪ በሚባለው መተግበሪያ የማጥኛ ካርዳቸውን በየቀኑ እየጨረሱ፣ ክፍል ሳይረግጡ በጥሩ ሁኔታ ያለፉ ልጆች አውቃለሁ። ግን እነሱ ለብቻቸው ነው የሚኖሩት። አንቺ የምትኖሪው ወላጆችሽ ቤት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ክፍል የመግባት ግዴታ የሌለባት ሴት ልጅ፣ በእኛ ቤት ውስጥ ሥራ እንደሌላት ነው የምትቆጠረው። እናትሽ ከሌሊት ሥራ ገብተው ተኝተዋል። አባትሽ ፋርማሲ የሚያደርሳቸው ይፈልጋሉ። የአክስትሽ ልጅ ከኢሚግሬሽን የመጣ ደብዳቤ ይዛ «አንዴ ብቻ እይልኝ» ብላ ትገባለች። ቡና ተፈልቶ አንቺ በርሽን ዘግተሽ ብትቀመጪ «ምነው፣ አኮረፈች እንዴ?» ይባላል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ግን የኩላሊት ፊዚዮሎጂው እንዳለ ተቀምጧል።

የሩቁ ትምህርት ቤት ግዴታ ከዚህ ይጠብቅሽ ይሆናል፤ ለአንዳንዱ ሰው ግን የጊዜ ብክነት ነው። የሳምንት ፈተናው ብዙም አያሳስበኝም፣ ሥራ ሳይከመር እንዲጠና ያደርጋል። የሚያሳስበኝ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ አስቀምጦ ስላይድ የሚያነብልሽ አስተማሪ ነው። ስለዚህ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን እንቅልፍ ስለማጣት ሳይሆን፣ ክፍል ከሚቀመጡበት ሰዓት ምን ያህሉ እንደሚጠቅማቸው ጠይቂ። ከሌቭል 1 በፊት ክፍል የሌለበት ስንት ሳምንት እንደሚሰጣቸውም ጠይቂ። ስድስት ካሉሽ ደህና ነው። ሦስት ካሉሽ፣ እስከዚያ ድረስ በየሳምንቱ ሲፈተኑ መክረማቸው ምን እንደጠቀማቸው ያስረዱሽ።

ዲ.ኦ. ትምህርት ቤት ገብተሽ የሚጨመርብሽ ራሱን የቻለ ጫናም አለ፤ ይህ ሁለቱም ጋ አይቀርልሽም። በእጅ የሚሰጠው ሕክምና በአራቱ ዓመት ውስጥ 200 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ ፈተናው አለ። ለመመረቅ የኮምሌክስ ሌቭል 1 እና 2ን ማለፍ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ብዙ የዲ.ኦ. ተማሪዎች የኤም.ዲ.ዎቹን ፈተና፣ ዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ.ንም ደርበው ይወስዳሉ። አንዳንድ የሬዚደንሲ ፕሮግራሞች አመልካቾችን ጎን ለጎን ሲያወዳድሩ የለመዱት እሱን ስለሆነ ነው። በተለይ አሁንም ነጥብ የሚሰጥበት የዚሁ ፈተና ክፍል፣ ስቴፕ 2፣ ይታያል። የማህፀንና ጽንስ ፕሮግራሞች ውድድራቸው ቀላል አይደለም፤ በሩን ክፍት ለማድረግ ከፈለግሽ ስቴፕ 2 እንደምትወስጂ አስቢና፣ ትምህርት ቤቶቹ ለዚህ ጊዜ ይሰጡ እንደሆን አጣሪ። «አንመክርም» ብሎ የሚያልፍ ትምህርት ቤት ካለ ዓላማሽን አልተረዳውም።

እስካሁን ያልኩት ግን ከሚቀጥለው አንጻር ትንሹ ነው።

ወላጆቻችን ሜዲካል ስኩል ሲባሉ ዓይናቸው ላይ የሚመጣው ጥቁር አንበሳ ነው፣ ወይ ጎንደር፣ ወይ ጅማ። ተማሪው ጋዋኑን ለብሶ ከዶርም ይወጣል፣ ዋርድ ይገባል፤ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አንድ ነገር ነው። ብዙዎቹ የአሜሪካ ዲ.ኦ. ትምህርት ቤቶች እንዲህ አይደሉም። የራሳቸው ሆስፒታል የላቸውም፤ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎቻቸውን ውል በገቡባቸው ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ይበትናሉ፣ አንዳንዴም ሌላ ስቴት። ዘመዶችሽ «ቅርቡ እያለልሽ» ሲሉ ይህ አልታያቸውም፤ አይፈረድባቸውም።

የላክሽልኝን የቅርቡን ትምህርት ቤት የሮቴሽን (ተማሪዎች በየተራ የሚሠለጥኑባቸው የሆስፒታል ቦታዎች) ዝርዝር ደጋግሜ አየሁት። ከዘጠኙ ቦታዎች ከቤትሽ ሊያመላልስሽ የሚችለው አንዱ ብቻ ነው፤ ድልድሉም በዕጣ ነው። እንግዲህ የቅርቡ ትምህርት ቤት ቅርብ የሚሆንልሽ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ያውም ላፕቶፕሽን ይዘሽ የትም ቁጭ ብለሽ ልታጠኚው የምትችይውን ሁለት ዓመት። ሰዓትሽ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ፣ አባትሽም በዕድሜም በሕመምም ሲገፉ፣ ያን ጊዜ ወደማታውቂው ከተማ ይልክሻል። የሩቁ አምስት ሰዓት ይርቃል፤ ግን አራቱንም ዓመት እዚያው ነሽ፣ በዓል ሲመጣ መንገዱን ታውቂዋለሽ።

የሆስፒታሉን ነገር ቀረብ ብለሽ እንድታዪው እፈልጋለሁ። ሬዚደንት ባለበት ዋርድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የራሷን ሁለት ሦስት ታማሚዎች ታያለች። ሌሊት ምን ያህል ሽንት እንደወጣ፣ ትኩሳት እንደነበር፣ የጠዋቱ የኩላሊት ምርመራ (ክሪያቲኒን) ስንት እንደሆነ ትይዛለች። ራውንድ ላይ አቴንዲንጉ (ኃላፊው ሐኪም) ፊት ታቀርባለች፣ ትንተባተባለች። ሬዚደንቷ ኮሪደር ላይ ጠጋ ብላ «ታሪኩን አሳጥሪ፣ ፖታሲየሙን አስቀድሚ» ትላታለች፤ በማግስቱ ትሻላለች። ኖት ትጽፋለች፣ ይታረምላታል። ዕድል የምትይው ይኸው ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳውም ይኸው። ተማሪዎቹ «እንቅልፍ የለም» ሲሉሽ የትኛውን ዓመት ማለታቸው እንደሆነ ጠይቂያቸው። ሦስተኛውን ከሆነ ወቀሳ አይደለም።

በሌላው ዓይነት ሮቴሽን ተማሪዋ ከአንድ ሐኪም ጋር ክሊኒክ ትውላለች፤ ፕሪሴፕተር ይሉታል። ይህንንም ዝቅ አድርገሽ እንዳታዪው፣ በተለይ አንቺ። ሬዚደንት በሌለበት ትንሽ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ከሐኪሙ ቀጥሎ ጓንት የምታጠልቀው ተማሪዋ ናት፤ ትልቁ ሆስፒታል ያለችው ጓደኛዋ ከሬዚደንት ጀርባ ሆና የምታየውን ሕፃን እሷ በእጇ ትቀበለዋለች። ሐኪሙ ማስተማር የሚወድ ከሆነ እንዲህ ነው። የማይወድ ከሆነ ግን ሙሉ ሮቴሽኑን ከሰው ትከሻ በላይ ኮምፒዩተር ስታይ ትከርሚያለሽ። ችግሩ የትኛው እንደሚደርስሽ አስቀድሞ አለመታወቁ ነው።

በምሠራበት ሆስፒታል ከሁለቱም ዓይነት ትምህርት ቤት የመጡ ተማሪዎች አራተኛ ዓመት ላይ ለአንድ ወር ይመጣሉ፤ ኦዲሽን ሮቴሽን የሚባለው ነው፣ ፕሮግራሙ በዚያች ወር ይመዝናቸዋል። በእውቀት ብዙም አይለያዩም። ዋርድ ላይ ያልሠራችው ግን የመጀመሪያውን ሳምንት የምትጨርሰው ራውንዱ እንዴት እንደሚሄድና ማን ለማን እንደሚደውል ስትለምድ ነው። ከአራት ሳምንት አንዱ ሲሄድ ብዙ ነው።

ስለ ማች (የሬዚደንሲ ድልድል) ውጤት አትሸበሪ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በማች ከሚወዳደሩት የዲ.ኦ. የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከ90 በመቶ በላይ ቦታ ያገኛሉ። ጥያቄው በየትኛው ሙያና የት የሚለው ነው። ትምህርት ቤት «99 በመቶ ተመራቂዎቻችን ሬዚደንሲ ገብተዋል» ሲልሽ ግን ቁጥሩ ከምን ላይ እንደተሰላ ተመልከቺ። ከተመራቂው ነው፤ በመሐል የቀረው፣ ዓመት የደገመው እዚያ ውስጥ የለም። መጠየቅ ያለብሽ ከገቡት 100 ተማሪዎች ስንቱ በአራት ዓመት እንደጨረሱ ነው። የአንድ ዓመት ጊዜያዊ ቦታ ብቻ ያገኘውም «ገብቷል» ተብሎ ይቆጠር እንደሆን አጣሪ። የቅርቡ ትምህርት ቤት ገና ስላላስመረቀ ይህ ቁጥር የለውም፤ ሙሉ እውቅናም የሚሰጠው የመጀመሪያው ክፍል ሲመረቅ ነው። አዲስ መሆን ኃጢአት አይደለም፣ መምህራኑ በስምሽ ያውቁሽ ይሆናል። ግን የአዲስ ቤት ጣሪያ ማፍሰስ አለማፍሰሱ በመጀመሪያው ክረምት ነው የሚታወቀው፤ ያን ክረምት የምታሳልፊው አንቺ ነሽ።

ገንዘቡ። በ2025 የወጣው ሕግ ለትምህርት ወጪ እስከ ሙሉው ድረስ ያበድር የነበረውን ግራድ ፕላስ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ዘግቶታል። የሕክምና ተማሪ ከፌደራል መንግሥት የሚበደረው በዓመት እስከ 50 ሺህ፣ በጠቅላላው እስከ 200 ሺህ ዶላር ነው። ሁለቱም ትምህርት ቤቶችሽ ከዚያ ያልፋሉ። የቅርቡ በአራት ዓመት 24 ሺህ፣ የሩቁ 44 ሺህ ይተርፋል፣ ኪራይና ምግብ ሳይቆጠር። ቤት በመኖር የሁለት ዓመት ኪራይ ታተርፊያለሽ፤ ሮቴሽን ላይ ከተማ ስትቀይሪ ከዚያ የተወሰነው ተመልሶ ይሄዳል። ቀሪውን ለመሸፈን ባንክ ስትሄጂ «አብሮ የሚፈርም አምጪ» ይሉሻል፤ ያን ጊዜ ዓይንሽ አባትሽ ላይ ያርፋል። አታስፈርሚያቸው። የታመመ ሰው ክሬዲትና ቤት በዚህ ላይ አይንጠለጠልም፤ የግል ብድር ደግሞ ለሕዝብ አገልግሎት ሠራተኞች ከ120 ወርሃዊ ክፍያ በኋላ በሚደረገው ስረዛ ውስጥ አይገባም። ይልቅ ሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ስኮላርሺፕ እንዲጨምሩልሽ ጽፈሽ ጠይቂ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ዜግነት ካለሽ የናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮርን ስኮላርሺፕም ተመልከቺ። የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ የኪስ ይሰጥሻል፤ በምላሹ ሐኪም በሚያንስበት አካባቢ ቢያንስ ሁለት ዓመት ትሠሪያለሽ። ማህፀንና ጽንስ ከሚቀበላቸው ሙያዎች አንዱ ነው።

የአባትሽ ጉዳይ ነው የሚከብደው፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፦ የትኛውንም ብትመርጪ፣ ከእንግዲህ በየቀጠሮው ልታስተረጉሚላቸው አትችይም። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አማርኛ በስልክም በቪዲዮም ይገኛል። እስካሁን ያላቀረቡላቸው ልጅ አብራ ስላለች ብቻ ዝም ብለው ይሆናል። ቀጠሮ ሲያዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ» ተብሎ ፋይላቸው ላይ እንዲጻፍ አድርጊ። ሜዲኬይድ ካላቸው ወደ ሕክምና የሚያመላልስ ትራንስፖርትም አብሮ ይሸፈናል። ይህንን ከመሄድሽ በፊት አስጀምሪ፣ አንድ ሁለቴ ያለ አንቺ ሄደው ይመለሱ። መጀመሪያ ያኮርፋሉ። የኩላሊታቸውን ነገር ከልጅ አፍ ለስልሶ ሳይሆን እንዳለ መስማታቸው ግን ለእሳቸውም ሳይሻል አይቀርም።

እኔ ወደ ሩቁ አጋድላለሁ። ሁለት ነገር ቢገኝ ሐሳቤን እቀይራለሁ። አንደኛ፣ የቅርቡ ትምህርት ቤት ቤተሰብ የምትረዳ ተማሪ መሆንሽን አይቶ፣ ያንን አንዱን የቅርብ ሆስፒታል በጽሑፍ ከሰጠሽ። በቃል «እናያለን» ቢሉሽ አትቁጠሪው። ሁለተኛ፣ የሩቁ ትምህርት ቤት ትልቁን ሆስፒታል የሚያሳይሽ ለጉብኝት ብቻ ከሆነ። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ጋር የሚጋሩት ከሆነ ቦታው ስንት ለእነሱ እንደሚደርስ፣ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ በአንድ ሮቴሽን ስንት ተማሪ እንደሚገባ ይንገሩሽ። ይህንን የሚያስጎበኙሽን የአንደኛ ዓመት ልጆች አትጠይቂ፤ ገና አያውቁትም። የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ሁለት ሁለት ተማሪ ስልክ ይስጡሽ። «አንሰጥም» ካሉሽ ያም መልስ ነው።

ሁለቱም ቦታ ዲፖዚት ከፍለሽ ጊዜ እገዛለሁ ብለሽ እንደሆን ደንቡን አንብቢ፤ ብዙውን ጊዜ አይመለስም፣ የመወሰኛው ቀንም እንደተቀበሉሽ ጊዜ ይለያያል። ስልኮቹን በዚህ ሳምንት ደውዪ።

ስለ ልብስ ማውለቁ፦ እውነት ነው። ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው እርስ በርስ ይለማመዳሉ፤ ጀርባና ትከሻ ስለሚነካ በቁምጣና በስፖርት ጡት መያዣ ወይም በቀላል ካናቴራ ነው። እንደ አንቺ የጠየቁ የእኛም የሙስሊምም ቤተሰብ ልጆች አሉ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሴት ተማሪ ጋር እንድትጣመሪ ያደርጋሉ፤ ከመጀመሪያው የተግባር ክፍለ ጊዜ በፊት ለክፍሉ ኃላፊ በኢሜይል ብትጽፊ ይበቃል።

ምን እንደወሰንሽ ጻፊልኝ።